ሰርጀሪ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ለምትጀምሩ ሲ ዋኖች (ክሊኒካል አንድ የሕክምና ተማሪዎች)፦ ሐረርም ሁኑ ድሬ፣ አንድ በሽተኛ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉ

ሰርጀሪ ልትጀምሩ ስትሉ ከሲኒየሮቻችሁ መጀመሪያ ምትሰሙት ምክር ያው «ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) ግቡ፣ ስክራብ አድርጉ (ታጥባችሁ ጋውንና ጓንት ልበሱ)፣ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ ሚይዘውን መሳሪያ) ያዙ» ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ ግን ኦአር ብቻ ሲያሳድድ የከረመ ተማሪ አታችመንቱ ሲያልቅ ብዙ የተከፈተ ሆድ አይቷል፣ ያ ሆድ ለምን በዛ ሰዓት እንደተከፈተ ስትጠይቁት ግን መልስ ያጥረዋል። ስለዚህ እኔ ምለው ሌላ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በሽተኛ ያዙ፣ ድንገተኛ ሲገባ ሂስትሪውን (የህመሙን ታሪክ) ራሳችሁ ውሰዱ፣ ኦፕሬሽኑ ላይ ቁሙ፣ ከዛ ዋርድ (በተኛበት ክፍል) ላይ በየቀኑ ጠዋት እዩት፣ ዲስቻርጅ ሆኖ ቤቱ እስኪሄድ አትልቀቁት። ከዛ ሁለተኛ ያዙ፣ ሦስተኛ ያዙ። ሂስትሪውም ፊዚካሉም (የአካል ምርመራው) ፈተናውም ከዚህ ነው ሚመጣው፣ ከታች ምጽፈው ሁሉ ይሄን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ታካሚው የሐረር ከተማ ሰው ብቻ አይደለም፣ ከጉርሱም ከበደኖ ከፈዲስ ከባቢሌ፣ ከሶማሌ ክልልም ድረስ ሪፈር ተጽፎለት ይመጣል። ድሬ ያለው ድል ጮራ ሆስፒታል ምትመደቡ ልጆችም እንደዛው ነው፣ ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ፣ ሁለት ቀን ሲያስመልሰው የቆየ ሰው በዛ ፀሐይ በሚኒባስ ተጭኖ ሲመጣ ፈሳሹ ካሰባችሁት በላይ አልቋል። እና ቋንቋ! አማርኛ ብቻ ይዛችሁ ዋርድ ላይ አትዘልቁም። ሙሉ ቋንቋ ተማሩ አይደለም ምላችሁ፣ ግን በኦሮምኛ ገራ ሆድ እንደሆነ፣ ዱኩቢ ህመም፣ ዮም መቼ፣ በሶማሊኛ ደግሞ ዐሎል ሆድ፣ ሐኑን ህመም፣ ጎርማ መቼ እንደሆነ ካወቃችሁ በሽተኛው ፊቱ ይፈታል። ኦቦ ወይም አዴ ብላችሁ ስትጠሯቸው ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

አስታማሚው ሲያስተረጉምላችሁ ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን፣ አንድ በአንድ፣ አይናችሁም በሽተኛው ላይ ይሁን እንጂ አስተርጓሚው ላይ አይሁን። አስታማሚ ብዙ ጊዜ ራሱ መልሱን ያውቀዋል ብሎ ስለሚያስብ ሳይጠይቅ ይመልስላችኋል፣ «አባባን እራሳቸውን ጠይቅልኝ» በሉት በትህትና። ቀን ሲቆጠር የገጠር ሰው «ሦስት ቀን ሆነኝ» ሲል ግምት ሊሆን ይችላል፣ ገበያ ቀን ላይ ደህና ነበሩ ወይ፣ አርብ መስጊድ ሄደው ነበር ወይ ብላችሁ አጥሩት። ሰዓት ደግሞ በጣም በጣም ተጠንቀቁ። እሳቸው «ሌሊት 8 ሰዓት ጀመረኝ» ካሉ ካርዱ ላይ ምትጽፉት 2 ሰዓት ነው፣ ካርዱ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሞላ። 6 ሰዓት ልዩነት ለቃጠሎ በሽተኛ የፈሳሹን ስሌት ሙሉ በሙሉ ነው ሚያበላሸው።

ሆድ ቁርጠት ነው በብዛት ሚያጋጥማችሁ፣ ስለዚህ የሱን ሂስትሪ አጥብቃችሁ ያዙ። የት ጀመረ፣ ወዴት ሄደ፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ ብሎ፣ ይመጣል ይሄዳል ወይስ አይለቅም፣ ከዛ በኋላ ነው ማስመለስ፣ ሰገራ፣ ጋዝ ምናምን ሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ምርመራ ነው እኮ። ትርፍ አንጀት ሲሆን ህመሙ እምብርት አካባቢ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ማስመለሱ ከህመሙ በኋላ ነው ሚመጣው። ማስመለስና ተቅማጥ ቀድሞ ህመሙ ከተከተለ ሌላ ነገር አስቡ። የአንጀት መዘጋት ከሆነ ደግሞ ትንሹ አንጀት ላይ ማስመለሱ ቶሎ ይመጣል የሆዱ መነፋት ያን ያህል ላይሆን ይችላል፣ ትልቁ አንጀት ላይ ግን ሆዱ በጣም ይነፋል፣ ሰገራም ጋዝም ይቆማል፣ ማስመለሱ ዘግይቶ ነው። ሬዚደንቱ (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለው ሐኪም) ራውንድ (የጠዋት የበሽተኞች ጉብኝት) ላይ ሚጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው።

እዚህ አገር ላይ ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት ነገር ጫት ነው። እንደ ወንጀል አድርጋችሁ አትጠይቁ፣ ሐረርጌ ላይ ጫት ኑሮ ነው፣ «ዛሬ ቅመዋል? ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና ደም ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ድርቀትም ያመጣል፣ ስለዚህ 110 ሚመታ ፐልስ ያየ ሰው ሴፕሲስ (ሰውነትን ያወከ ኢንፌክሽን) ነው ደም መፍሰስ ነው ጫት ነው ሚለውን ለመለየት ይሄን መረጃ ይፈልገዋል። ግን ፐልሱ የጫት ነው ብላችሁ አትዝናኑ፣ ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ጫት ሚባለው። ማደንዘዣ ሚሰጡትም ባለሙያዎች ይሄን ማወቅ አለባቸው፣ ካርዱ ላይ ጻፉት።

አሁን ፊዚካል። ሆድ ስታዩ ከጡት ጫፍ እስከ ጭን መሀል ይገለጣል ሚባለው ለወግ አይደለም፣ ብሽሽት ላይ የታነቀ ቡአ ያለበት ሰው ሆዴን ብቻ ነው ያመመኝ ብሎ ይመጣል፣ ልብሱን ዝቅ ካላደረጋችሁ አታገኙትም። ሴቶች ከሆኑ መጋረጃው ይዘጋ፣ ሴት ባልደረባ ወይ ሴት አስታማሚ ትኑር፣ ምታደርጉትን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የማያስፈልገውን ወዲያው ሸፍኑ። እጃችሁን አሙቁ። ከማያመው ቦታ ጀምሩ፣ እጃችሁ ሆድ ላይ ሆኖ አይናችሁ ፊታቸው ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም ብዙ የገጠር አባት «አያመኝም» እያለ ቅንድቡ ነው ሚነግራችሁ።

አንድ ኬዝ ቀረብ አድርጌ ልንገራችሁ፣ እዚህ አካባቢ ደጋግማችሁ ምታዩት ስለሆነ። ገበሬ ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ሆዳቸው ከበሮ ሆኖ መጡ፣ ሁለት ቀን ሰገራም ጋዝም የለም። ስትመቱት ሆዱ ያስተጋባል፣ አንድ ጎን ካንዱ ጎን ከፍ ብሏል። አሁን ተማሪው ዘሎ ኤክስሬይ ይላል፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ጓንት አድርጉና ፒአር (በፊንጢጣ የጣት ምርመራ) አድርጉ፣ ጣታችሁ ባዶ ሬክተም ነው ሚያገኘው፣ ጓንቱ ላይ ደም አለ ወይስ የለም ብላችሁ እዩ፣ ምክንያቱም ደም ካለ የአንጀቱ ህይወት ያሰጋል። ኤክስሬዩ ላይ የቡና ፍሬ ሚመስል ትልቅ አየር የያዘ አንጀት ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ሄዶ ይታያል። ሲግሞይድ ቮልቩለስ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠማዘዝ) ነው። ትኩሳት፣ የሆድ መደንደን፣ ደም ያለው ሰገራ ከሌለ፣ ሬዚደንቱ ሬክታል ቲዩብ (በፊንጢጣ ሚገባ ቱቦ) ያስገባል፣ አንጀቱ ሲፈታ ጋዙና ፈሳሹ በግፊት ይወጣል፣ እዛው ፊታችሁ ሆዱ ይረግባል፣ ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። እዚህ ጋር ብዙ ተማሪ አለቀ ብሎ ይሄዳል፣ አላለቀም! ተመልሶ የመጠማዘዝ እድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ኦፕሬሽን ሊቀጠሩ ነው፣ እስከዛ ሆዳቸው እንደገና እንዳይነፋ፣ ህመም እንዳይጀምር በየሰዓቱ መታየት አለባቸው። እኚህን ሰውዬ እስከ ኦአር የተከተለ ተማሪ ስለ ቮልቩለስ ሌላ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

እንቅርትም ብዙ ነው። ከፊት ቆማችሁ ውሃ ሲውጡ ከፍ ይላል ወይ ብላችሁ እዩ፣ ከዛ ከኋላ ሆናችሁ ዳስሱ፣ ውሃ በስኒ አዘጋጁ እንጂ ምራቅ ዋጡ ብላችሁ ደጋግማችሁ አታድክሟቸው። ትንፋሽ ያጥራል ወይ፣ ምግብ ይተናነቃል ወይ፣ ድምፅ ተለውጧል ወይ፣ ልብ ይመታል እጅ ይንቀጠቀጣል ክብደት ቀንሷል ወይ። የአንገት ሊምፍ ኖድ ሳትዳስሱ ጨረስኩ አትበሉ።

ጠዋት ላይ ራውንድ ከመጀመሩ በፊት መድረስ ግዴታ ነው፣ ሲኒየሩ ሲመጣ በር ላይ ምትሮጡ ከሆነ በሽተኛውን አላያችሁትም ማለት ነው። ፉሉንና ሻዩን ቀደም አድርጋችሁ ጨርሱና በሽተኛችሁ ጋር ሂዱ። ኦፕሬሽን የሆነ ሰው ላይ ማወቅ ያለባችሁ፦ ስንተኛ ቀኑ ነው፣ ሌሊት እንዴት አደረ፣ ጋዝ ወጣ ወይ፣ ቫይታል ሳይኑ (ሙቀት፣ ፐልስ፣ ግፊት፣ ትንፋሽ)፣ ምን ያህል ፈሳሽ ገባ ምን ያህል ሽንት ወጣ፣ ኤንጂ ቲዩቡና (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ ሚገባው) ድሬኑ (ከኦፕሬሽኑ ቦታ ፈሳሽ ሚያወጣው ቱቦ) ምን ያህል ምን አይነት ቀለም አወጡ። ለአዋቂ ሽንት በሰዓት በኪሎ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ነው፣ 60 ኪሎ ሰው ከሆነ በሰዓት 30 ሚሊ ማለት ነው፣ ከረጢቱን ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ አንብቡት፣ ቻርቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትቅዱ። ሜንቴናንስ ፈሳሽ (በአፉ ለማይወስድ ሰው ሚሰጠው መደበኛ ፈሳሽ) ለመጀመሪያ 10 ኪሎ በሰዓት 4 ሚሊ በኪሎ፣ ለቀጣይ 10 ኪሎ 2፣ ከዛ በላይ ላለው 1፣ ስለዚህ ያው 60 ኪሎ ሰው በሰዓት 100 ሚሊ ያስፈልገዋል፣ በኤንጂ የወጣው በዚህ ላይ ይተካል። ትኩሳት ከመጣ በቀኑ አስቡ፣ መጀመሪያ ሳንባ፣ ከዛ ሽንት፣ ከዛ ቁስሉ፣ እግር ላይ የደም መርጋት፣ መድሃኒትም ሊሆን ይችላል።

ቁስል ሲከፈት ተገኙ። ይሄን አጥብቄ ነው ምለው። ፋሻው ሲነሳ በመጀመሪያ ፋሻውን እዩት፣ ምን ያህል ረጥቧል፣ ቀለሙ ምንድነው፣ ሽታ አለው ወይ። ከዛ የስፌቱን ጠርዝ፣ ቀይ ነው፣ ያበጠ ነው፣ ሲነካ ያማል፣ በስፌቱ መሀል መግል ይወጣል? ቀጠን ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ውሃ በአምስተኛው ስድስተኛው ቀን አካባቢ ከመሀል መስመር የሆድ ቁስል በብዛት ከወጣ ዝም ብላችሁ በአዲስ ፋሻ እንዳትሸፍኑት፣ ውስጠኛው ስፌት እየለቀቀ ሊሆን ስለሚችል እዛው ሬዚደንት ጥሩ። እንዲህ አይነት ነገር በማንበብ አይለመድም፣ በአይን ነው።

ራውንድ ላይ በሽተኛችሁን ፕረዘንት ስታደርጉ (ስታቀርቡ) አጭር ይሁን። ስም፣ እድሜ፣ ከየት፣ ስንተኛ ቀን፣ ምን ተሰራለት፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ፣ የናንተ ሀሳብ ምንድነው፣ ምን ይደረግ። የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላየሁትም፣ አይቼ እመጣለሁ» በሉ፣ ያልለካችሁትን ቫይታል ለክቻለሁ ማለት በሽተኛ ይጎዳል።

ኦአር ሲደርስ ደግሞ፣ የማታውቁትን ኬዝ አትግቡ። ማታ በሽተኛውን እዩ፣ አናቶሚውን አንብቡ፣ ጠዋት ከሱ ጋር አብራችሁ ውረዱ። ቁርስ ብሉ፣ ቆሞ ረጅም ሰዓት ነው። ቀለበት ሰዓት አምባር አውልቁ፣ ፀጉር ኮፍያ ውስጥ ይግባ፣ ሻሽ ምታደርጉ እህቶችም ለኦአር ንፁህ ሻሽ ወይ ሙሉ ሚሸፍን ኮፍያ ይኑራችሁ። ስክራብ ነርሷን መጀመሪያ ሰላም በሉና ስማችሁን ንገሯት፣ የጓንት ቁጥራችሁንም፣ ክፍሉ ውስጥ ስቴራይል (ከጀርም ነፃ) ስለሆነው ነገር ዳኛዋ እሷ ናት። ከታጠባችሁ በኋላ እጃችሁ ከወገብ በላይ ከደረት በታች ፊት ለፊታችሁ ይቆይ። የሆነ ነገር ከነካችሁ፣ የነካችሁ ከመሰላችሁም፣ ወዲያው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ጓንት መቀየር ቀላል ነው የበሽተኛው ኢንፌክሽን ግን ቀላል አይደለም። ካዞራችሁ ተናግራችሁ ወደ ኋላ ፈቀቅ በሉና መሬት ተቀመጡ፣ ማንም አይቆጣችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የሰርጀሪ ሴፍቲ ቼክሊስት አለ፣ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊትና ከክፍሉ ከመውጣት በፊት ሚደረጉ ሦስት ማረጋገጫዎች፣ ሲነበብ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፣ በሽተኛውን ምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ የቱ ጎን እንደሆነ አለርጂ እንዳለው ከሰማችሁት ጋር አመሳክሩ።

ዲዩቲ (ተረኝነት) ሌላ ዓለም ነው። አደጋ፣ ጥይት፣ ዱላ፣ ቃጠሎ። ማንኛውም ትራውማ (የአደጋ ጉዳት) ሲመጣ ደሙ ሚያስደነግጠው ቦታ ላይ አትፍጠጡ፣ ኤርዌይ (የአየር መንገድ)፣ ትንፋሽ፣ ደም ዝውውር፣ ጂሲኤስ (የንቃት መለኪያ ነጥብ)፣ ከዛ ልብስ አውልቆ ጀርባ ድረስ ማየት፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ጂሲኤስ 8 እና ከዛ በታች ከሆነ ኤርዌዩን ሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ቴንሽን ኒሞቶራክስ (ደረት ውስጥ የታመቀ አየር ሳንባና ልብን ሲጫን) ኤክስሬይ አይጠበቅለትም። ቃጠሎ ላይ በተለምዶ ምትጠየቁት ቀመር 4 ሚሊ ሲባዛ በኪሎ ሲባዛ በተቃጠለው የሰውነት ፐርሰንት ነው፣ 50 ኪሎ ሰው 30 ፐርሰንት ከተቃጠለ 6000 ሚሊ፣ ግማሹ 3000 በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት፣ 8 ሰዓቱ ሚቆጠረው ግን ከተቃጠለበት ነው እንጂ ሆስፒታል ከገባበት አይደለም፣ ከፈዲስ እስኪመጣ 3 ሰዓት ከፈጀ ያ 3000 በቀረው 5 ሰዓት መግባት አለበት፣ በሰዓት 600። አዲሱ የትራውማ አሰራር ለአዋቂ ከ2 ሚሊ ይጀምራል፣ በየትኛውም ብትጀምሩ ትክክለኛው መለኪያ ሽንቱ ነው።

ልጆች ወጌሻ ቤት ቆይተው ሲመጡ ልብ ይሰብራል። ክንዱ ተሰብሮ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ጣቶቹ ጠቁረው ሚመጣ ልጅ ታያላችሁ። ወላጆቹን አትውቀሱ፣ በቅርብ ያገኙት እሱን ነው፣ ከተሰደቡ ደግሞ ነገ ሌላ ጎረቤታቸው ሆስፒታል አይመጣም። የናንተ ስራ ገና ጣቱ ሳይጠቁር መለየት ነው፣ ህመሙ ከጉዳቱ በላይ ከሆነ፣ ጣቶቹን ቀስ አድርጋችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ያ ኮምፓርትመንት ሲንድረም (ጡንቻው ውስጥ ግፊት በዝቶ ደም ሲያጣ) ብሎ ለመጠርጠር በቂ ነው፣ ፐልስ አለ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ፐልስ እስኪጠፋ ከተጠበቀ ጊዜው አልፏል። ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ ሬዚደንት ይጠራ።

ራሳችሁንም ጠብቁ። አታችመንቱ ሳይጀመር የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን ጨርሱ። መርፌ ከወጋችሁ በሳሙናና ውሃ እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ዛሬውኑ ሪፖርት አድርጉ፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው ሚጀመረው ግን በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ነው ሚሻለው። አፍራችሁ ዝም እንዳትሉ፣ አቦ ህይወታችሁ ነው።

ስለ ፈተናው ብዙ አልልም። ሎንግ ኬዝ (አንድን በሽተኛ ሙሉ ሂስትሪና ፊዚካል ሰርታችሁ ምትፈተኑት) ሚሆነው ከዋርዱ በሽተኞች መሀል ነው፣ እስካሁን እንዳልኩት የሰራችሁ ከሆነ ፈተናው የለመዳችሁት ጠዋት ነው ሚሆነው። ሰዓት ግን ያዙ፣ ሂስትሪ ላይ ሁሉንም አቃጥላችሁ ፊዚካሉን በሩጫ አትጨርሱ። ኤግዛሚነሩ ፊት ዲያግኖሲስ አንድ ብቻ አትጥሩ፣ ሦስት ይዛችሁ እያንዳንዱን ለምን ወደዛ እንደሚሄድ ለምን እንደማይሄድ ተናገሩ። ሾርት ኬዝ (አጭሩ የምርመራ ፈተና) ላይ «እዚህ እብጠት ላይ እጅህን አድርግ» ሲባል ዝም ብሎ አይነካም፣ ቦታ፣ መጠን፣ ቅርፅ፣ ገፅታ፣ ሙቀት፣ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ሲያስሉ ይመታል ወይ።

እና ዲስቻርጅ ቀን። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋር ነው ሚጠፋው፣ ግን በሽተኛው ምን እንደተሰራለት ሳይገባው ወረቀት ይዞ ይወጣል። ቁጭ ብላችሁ በገባው ቋንቋ አስረዱት፣ ምን እንደወጣ፣ ስፌቱ መቼ እንደሚፈታ፣ የሆድ ኦፕሬሽን ከሆነ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ ትኩሳት፣ መግል፣ የሆድ መነፋት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመለስ። አስታማሚው መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ባዮፕሲ (ለምርመራ የተቆረጠ ናሙና) የተላከለት ከሆነ ደግሞ ውጤቱን ማን እንደሚቀበል፣ መቼ እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ፣ የሰውየው ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ሊሆን ስለሚችል የዘመድ ወይ የጎረቤት ስልክ ጨምሩበት፣ አታችመንቱ ቢያልቅባችሁም ውጤቱ ሲደርስ ሄዳችሁ ለሬዚደንቱ አሳዩት።